የሆጤው ስካቶላ

በነሐሴ ማታ፣ ጦሳ ጉም ደርቦ፣
የሆጤን ቆርቆሮ ዝናብ ዙሪያ ከቦ፣
እትዬ ሩቅያ ደወሉ፦ «ልጄ፣ ና፣
መብራቱ ይሄዳል፣ ይመጣል እንደገና፤
ነፋስ ሲነፍስማ እንደ ዓይን ይጠቅሳል፣
ቆጣሪው ግን ጤና ነው፤ ብሩን ያግበሰብሳል።»

ካቻቢቴ ይዤ፣ ቴስተር በደረት ኪሴ፣
ፒንሳዬን በወገብ፣ ባትሪ በጥርሴ፣
መሰላል ላይ ወጣሁ። ከኮርኒሱ ሥር
ስካቶላ የለም፤ ቋጠሮ ብቻ ነበር፤
አራት ጣት የሚያህል፣ በናስትሮ ላይ ናስትሮ፣
ከናስትሮው ሥር ፌስታል፣ በሲባጎ ታስሮ፣
ከፌስታሉ ውስጥ ደግሞ፣ ሲላጥ፣ ሲላጥ፣ ሲፈታ፣
ሁለት ሽቦ ወጣ ተጠማዞ፣ የቃጠሎ ሽታ።

አንደኛው መዳብ ነው፣ ከውስጥ የተዘረጋ፣
ሁለተኛው አሉሚኒየም፣ ከፖሉ የተጠጋ።
ራቁታቸውን ሆነው ተነካክተው ካደሩ፣
ጤዛም ካገኛቸው፣ ተበላልተው ነው የሚያሩ።
እናቴ ሐዋ አባቴን ተገኘን ባገባችበት አገር፣
ወሎዬ አልሆነም ሽቦ፤ ሽማግሌ ይሻል በመሐል የሚናገር።

«ማነው ያሰረው ይህን?» አልኩኝ ከላይ ሆኜ።
«ሙሄ ነው» አሉ፣ «ወንበሩን ደግፌለት፣ ውረድ እያልኩ ለምኜ።
ከኮምቦልቻ ፋብሪካ፣ የሐረጎን ጉም አቋርጦ፣
ናስትሮውን በኪሱ፣ ፌስታሉን ከዳቦ ላይ ገልብጦ፣
ልጆቹ በኩራዝ ዓይናቸው ጠፋ ብሎ፣
በዚያችው ሌሊት አበራት፣ ጥርሱን ነክሶ፣ ምሎ።
አሥራ ሰባት ዓመት።» አሉና ዝም አሉ።
እኔም ዝም አልኩ፣ እንደ አምፖሉ።

ልደብቃችሁ አልችልም፤ ናስትሮ ነበረ ኪሴ ውስጥ፣
ደርቤው ብወርድ በአምስት ደቂቃ፣ ማንም አይናገር፣ ማንም አይገልጥ።
ግን ጋሽ ይመር አለ፣ ከሞተም በኋላ፣ ከመሰላሉ ሥር፣
«ጎትተሃል ወይ?» የሚለኝ፣ ሥራ በጨረስኩ ቁጥር።
ፒያሳ፣ ከሱቁ ደጅ፣ ሳጥን ላይ አስቀምጦኝ ያኔ፣
እንዲህ ነበር ያለኝ፣ ሽቦ እያስላጠ በእኔ፦

«ጠምዝዞ በናስትሮ? ለአንድ ሌሊት፣ ለሠርግ ዳስ፤
ደሴ ላይ ሙጫው ይለቃል፣ ሰኔ ጠብቶ ነሐሴ ሳይደርስ።
በእርሳስ ብትበይደው ያምራል፤ ለሬዲዮ፣ ለቴፕ ልብ፤
ምድጃ የሚጎትተው መስመር ግን ግሎ ነው የሚያልብ።
ሞርሴቶ ደግ ነው፣ ብሎኑን ግን በየዓመቱ ጠይቀው፣
እንደ አክስት ነው፣ ካልጎበኙት ቅር ይለዋል፤ እወቀው።
ለወፍራሙ ካፒኮርዳ፣ በመጭመቂያ ጨብጠው፤
በፒንሳ የተጨበጠ እንደሆን፣ ለጠላትህም አትስጠው።
የቱንም ምረጥ ብቻ፣ ካሰርከው በኋላ ጎትተው፤
ያልተጎተተ ቋጠሮ ያልተፈተነ ወዳጅ ነው።»

ብሬከሩን አወረድኩ። ጨለማ። ባትሪ በጥርሴ።
ከግራ ቆረጥኩ፣ ከቀኝ፤ ቋጠሮው ገባ ከኪሴ።
ስካቶላ መታሁ ከግድግዳው፣ ጎማውን ገጥሜ፣
ሽማግሌውን፣ ያን ባለሁለት ፊት ሞርሴቶ፣ በመሐል አቁሜ፣
መዳቡን በአንዱ ጆሮ፣ አሉሚኒየሙን በሌላ፣
ብሎኑን አጠበቅሁ፣ እንዳይሰበር፣ እንዳይላላ።
ጎተትኩት። ጸና።
ብሬከሩን ሳነሣው፣
አምፖሉ ሳይጠቅስ በራ፣ ነፋስ ጣሪያውን ቢያንገላታው፣ ቢያነሣው።

ሒሳቤን ልቀበል ስል፣ ሌላኛውን እጅ ዘረጉ፦
«ያንንም ስጠኝ።» ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን ፈለጉ።
«ተሳስቶ ነበር ወይ?» አሉኝ፣ ዓይን ዓይኔን እያዩ።
«አዎ፣ እትዬ። ቤቱ ሊቃጠል ይችል ነበር።» ቆዩ።
ዝናቡ ጋብ አለ። ከጎረቤት ሬዲዮ ይሰማል።
ምነው ዝም ባልኩ ኖሮ፣ አልኩ፤ ግን ምን ይባላል?

ከዚያ በሁለት እጅ፣ እኔ እንዳደረግሁት፣
ያን ጥቁር ቋጠሮ ግራና ቀኝ ሳቡት።
አልተፈታም።